ምክንያት የሚለው መስመር

አቦ ተዉኝ እስቲ፣ ሙቀቱ ይበቃል፤
የማዘንጊያን ነገር ባጃጄ ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ተሳፋሪ ሲጠፋ፣
ከዚራ ጥላ ሥር ወሬው ሲስፋፋ፣
ገረባው ብቻ ሲቀር ከላስቲኩ ውስጥ፣
ሰው መቃም ይጀመራል፣ ለጋ ለጋውን በመምረጥ።

«ሰማችሁ? ማዘንጊያ ፉርጎን ሰጥታ መጣች፤
አሥራ አንድ ዓመት አሳድጋ እንደ ነጠላ ጫማ ጣለች።»
«ስምን መልአክ ያወጣዋል! ማዘንጊያ ዘነጋች።»
«ውሻስ በበላበት ይጮኻል፤ ሰው ነው አጉርሶ የሚክድ፣»
አለ ኢብሳ ባለሱቁ፣ ምስር ሲያንገዋልል በሰፌድ።

ሳቁ። ስሟ የወጣላት
ከእሷ በፊት የሞተውን ወንድሟን ታስረሳ ተብሎ መሆኑን
ማንም አላነሳም።
እኔም ዝም።

የፉርጎን የኋላ እግር በድንጋይ የሰበረው
የዚሁ የኢብሳ ልጅ ነበር፤
ዛሬ ከሁሉ ቀድሞ ከንፈር መጠጠ።
ያን ዓመት ደግሞ
መርዝ የነካ ሥጋ በሌሊት ሲበተን፣
ሲነጋ ሬሳው በጋሪ ሲጫን፣
ከዚህ ጥላ ሥር «ወይኔ» ያለ አልነበረም።
እኔም አፍንጫዬን ይዤ ነው ያለፍኩ፤ ዕዳዬን አልሸሽግም።

ተሳፋሪውም ያው ነው። «እኔ ብሆን» ይላል፣
«እኔ ብሆን ኖሮ በረንዳ አብሬው አድር ነበር።»
ከለገሀር እስከ ታይዋን ባጃጅ ሙሉ ጻድቅ እጭናለሁ፤
ሲወርዱ ግን በአምስት ብር ይከራከሩኛል።

ባሏ ፍሬን ያዥ ነበር፣ በድሮው ባቡር።
ፉርጎ ያለው እሱ ነው፣
ቡችላው ከኋላ ከኋላው ሲጎተት አይቶ።
ሰውየው ሞተ። ቤቱን፣ የኩባንያ ነው ብለው ተረከቧት።
ገንደ ቆሬ፣ ሳቢያን፣ አዲስ ከተማ፣
አሥራ ሦስት በር አንኳኳች።
«ለአንቺ እሺ እናቴ፤ ለውሻው ግን ቦታ የለንም።»
«ለአንድ ወር ያዙልኝ» ብላ እዚህም ለምና ነበር፦
የኢብሳን ልጅ ያስነጥሰዋል፤
እትዬ ስንቅነሽ ዶሮ አላት፤
እኔ... እኔ ያልኩትስ ይቅርብኝ።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ከኋላ ተቀመጡ፣ ሁለቱ በአንድ ቦታ።
ፉርጎ አንገቱን በሸራው አውጥቶ ነፋሱን ጠጣ፤
ሽርሽር መስሎት፣ ደስ ብሎት።
የደረቀውን ደቻቱን ተሻግረን ሐዲዱ ጋ ስንደርስ
ጆሮውን አቆመና ባቡር ጠበቀ።
እኔም ፍሬን ያዝኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

መጠለያው በመልካ ጀብዱ መንገድ ነው፤
ጥቂት ቆርቆሮና ሁለት የኒም ዛፍ።
ልጁ መዝገብ ዘረጋ። መነጽሯን ረስታ ስለነበር
እስክሪብቶውን እኔ ተቀበልኩ።
ስም፦ ፉርጎ።
ዕድሜ፦ አሥራ አንድ።
ምክንያት፦
መስመሩ ከሦስት ጣት አይበልጥም።
«ምን ልበል?» አልኳት።
የገመዱን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ደግማ ጠቀለለች።
«ቤት» አለች።
ሁለት ፊደል። የተረፈው ነጭ ሆኖ ቀረ።
ልጁ አልገሠጻትም፣ አላጽናናትም፤
ጎንበስ ብሎ ለውሻው ውሃ ቀዳ።

ከበሯ ስንደርስ ሳንቲሟን ቆጥራ፣
«ስንሄድ የሁለት፣ ስንመለስ የአንድ» ብላ ከፈለች።
ተቀበልኩ።
እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ ተቀበልኩ።

«አንተስ፣ ባለባጃጁ? ምነው ዝም አልክ?» አሉኝ ዛሬ።
አፌን ቅጠል ሞልቶታል።
ስልኬ ጮኸ፤ እሷው ናት።
«ያን መንገድ ታስታውሰዋለህ አይደል፣ ልጄ?
አጥንት ይዣለሁ።»